ላልተሸከሙት ሸክም የተጠየቀ ይቅርታ

መቐለ፣ ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው

ለክቡር አቶ ገብረሃንስ፣ በሰፈራችን አጠራር ኣያ ገብረሃንስ
የ«ብርቱ ክንድ» ጫኝና አውራጅ ማኅበር ሊቀመንበር
አግዳሚ ወንበርዎ ባለበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ለወገብዎ፣ ለትከሻዎና ለጉልበትዎም ለየብቻቸው ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ከሮማናት አደባባይ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን እንደነሱ ያረፈ የሰው አካል እንደሌለ ወዳጅም ጠላትም ይመሰክራልና አላህ ይህን ዕረፍታቸውን እንዳያጓድልባቸው ምኞቴ ነው። እኛ ደህና ነን፤ እኔ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ ባለቤቴ ሃፍታይ ደግሞ ክርስቲያን ስለሆነ ተመስገኑን በራሱ በኩል ያደርሳል።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያበቃኝ የራስዎ መልእክት ነው። ባለፈው እሑድ ኣቦይ ሔሩይን የመሰሉ የተከበሩ ሽማግሌ ወደ ልብስ ስፌት ሱቄ ልከው፣ ፍርድ ቤቱ የወሰነው እንደሆነ ሆኖ፣ ሰፈሩ ግን ባየዎት ቁጥር እየሳቀ ስላስቸገረዎ፣ የሳቁ ምክንያት እኔ ሀፊሳ መሆኔ ታውቆ በጽሑፍ ይቅርታ እንድጠይቅዎ፣ ይቅርታውም ሰው ሁሉ የሚያነበው እንዲሆን አዘዋል። ኣቦይ ሔሩይ ይህን ሲያደርሱ ጋቢያቸውን ደጋግመው ወደ አፋቸው ይወስዱ ስለነበር ጉንፋን የያዛቸው መስሎኝ ሻይ አፍልቼላቸዋለሁ። ትእዛዝዎን በደስታ ተቀብያለሁ፤ ደስታዬ እንዲያውም ከልክ ስላለፈ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ በሳቅ ምክንያት ማቋረጤን አልደብቅዎትም።

ሰፈራችንን ለማያውቅ አንባቢ ማኅበርዎን ባስተዋውቅ ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አለኝ። «ብርቱ ክንድ» እርስዎን ጨምሮ ዘጠኝ ብርቱ ወንዶች ያሉት ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት ከተዘጋው ኪዮስክ ፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰይሞ ካርታ ይጫወታል። ዕቃ የጫነ መኪና፣ ባጃጅ ወይም ጋሪ ወደ ሰፈሩ ሲገባ ፊሽካ ይነፋል። ከዚያ ባለዕቃው ዕቃውን ራሱ ያወርዳል። አውርዶ ሲጨርስ «ብርቱ ክንድ» ከወንበሩ ይነሣና የማውረጃ ሒሳብ ይቀበላል። አልከፍልም ያለ ሰው ዕቃው ይያዝበታል፤ ለምን ብሎ የጠየቀም ተመኑ ከመንግሥት የወጣ እንደሆነ ይነገረዋል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እናንተ ግን ሙያ አድርጋችሁት ዘጠኝ ቤተሰብ ታስተዳድሩበታላችሁ።

አሁን ወደ ይቅርታዬ ልግባ። የፍርድ ቤት ወግ ስለለመደብኝ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ዕቃ ይዤ ወደ ሰፈርዎ በመግባቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ የባቲ ልጅ ነኝ፤ መቐለ የመጣሁት ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቼ ለመስፋት ነበር። የሸሚዝ አንገትጌ እየሰፋሁ ሳለ ማሽን ጠጋኙን ሃፍታይን አገኘሁ፣ ተጋባን፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣና ሁለታችንም እጃችንን አጣጥፈን ቤት ተቀመጥን። ያን ጊዜ፣ አንድ ቀን የራሴ ማሽን የራሴ ጣራ ሥር ይጮሃል ብዬ ለራሴ ተናግሬ ነበር። ቀኑ ዘንድሮ ደረሰ። ሁለት የስፌት መኪና፣ የጨርቅ ጠርዝ እየቆረጠ የሚዘመዝም አንድ ኦቨርሎክ፣ ደንበኛ ከእግር እስከ ራሷ የምትታይበት አንድ ትልቅ መስታወት ገዝቼ በአይሱዙ አስመጣሁ።

ሃፍታይና ጎረቤታችን የሽንኩርት ነጋዴው ዛሂድ ማውረድ ሲጀምሩ እርስዎ ፊሽካ ነፉ፤ ከዚያ ተቀመጡ። ሁለቱ የስፌት መኪናዎች በሰላም ገቡ። መስታወቱን ሃፍታይ «እኔ ብቻዬን» ብሎ አነሣው፣ ደጃፉ ድረስም እንደ ሙሽራ አቅፎ ወሰደው፣ እዚያ ሲደርስ ከበሩ መቃን ጋር አላተመው። ከአባላትዎ አንዱ፣ በሩ እንደማይበቃው ከመጀመሪያው አይቶ እንደነበር ከካርታው ቀና ሳይል ነገረን። እኔ የመስታወት ስባሪ እየጠረግሁ ሳለ እርስዎ መጥተው የማውረጃ ጠየቁኝ። ምን አውርዳችሁ ስልዎ «ጓል ወሎ፣ ማየትም ሥራ ነው» አሉኝ፤ የወሎ ልጅ ማለትዎ ነው።

አልከፍልም አልኩ። እርስዎም ሹፌሩን ጠርተው፣ ገና መኪናው ላይ የነበረውን ኦቨርሎኬን ወደ መጋዘናችሁ እንዲያደርስ አዘዙት። ሹፌሩ ነገም ወደዚህ ሰፈር የሚመጣ ሰው ነውና አንገቱን ደፍቶ ነድቶ ሄደ። መያዣ ስትወስዱ እንኳ የሹፌሩ ረዳት እንጂ ከእናንተ አንድም ሰው ማሽኑን አልነካም፤ በዚህ ጽናታችሁ እስከዛሬ እደነቃለሁ።

2. የጎረቤቶቼን ታሪክ በመስማቴ ይቅርታ። ብቻዬን የተበደልኩ መስሎኝ ነበርና ኩራት ነገር ተሰምቶኝ ነበር። ለካ የኣደይ ኣስካል የፋሲካ በግ ከባጃጅ በራሱ እግር ዘሎ ሲወርድ የማውረጃ ተከፍሎበታል። ለካ ዛሂድ ከገበያ በገዛ ጀርባው ለሚያመጣው ሽንኩርት፣ ጀርባው እንደ ተሽከርካሪ ተቆጥሮበት ሲከፍል ኖሯል። የዮሃናን ሠርግ ግን ማን ይረሳዋል? ሙሽራዋ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ቬሎዋን ሰብስባ ከመኪና ስትወርድ ሁለት አባላትዎ እጃቸውን ዘርግተው ቀረቡ። ሚዜው ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ስለነበር የአገሩ ባህል መስሎት ከፈለ፤ አልፎ ተርፎም ግንባራቸውን ስሟቸዋል። ዮሃና ይህን ያወቀችው ልጇ ጥርስ ካወጣ በኋላ ነው።

3. ስለፈራሁ ይቅርታ፤ ይህኛውን የምጠይቀው ግን ራሴን ነው። ዛሬ እንዲህ የምስቀው ሴትዮ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። አግዳሚ ወንበራችሁን ከኪዮስኩ አንሥታችሁ ሱቄ ፊት ተከላችሁት፤ ወንበሩንም ያመጣው በዕዳ የያዛችሁት ባለጋሪ ነው። ለአሸንዳ ቀሚስ ልጆቻቸውን ሊያስለኩ የመጡ እናቶች ዘጠኝ ወንድ በር ላይ ተደርድሮ ሲያዩ እየተመለሱ ሄዱ። ተለክተው የተቆረጡትም ጠርዛቸው ሳይዘመዘም እንደተንጨባረሩ ተከመሩ፤ ኦቨርሎክ የሌለው ሰፊ ጨርቅ ቆርጦ ማስቀመጥ እንጂ ልብስ ማስረከብ አይችልም። ሃፍታይ እንክፈላቸውና ይቅር አለ። ኣቦይ ሔሩይም ሰላም ይሻላል ብለው መከሩኝ፣ እሳቸውም ለገዛ አልጋቸው የማውረጃ ከፍለው ነበርና። አንደኛው አባልዎ ደግሞ ወሎዬ ነሽ፣ ሲመርሽ ትሄጃለሽ አለኝ። ይህን ስሰማ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ኣደይ ኣስካል እንዝርታቸውንና ጥጣቸውን ይዘው መጡና ከአባላትዎ መካከል ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ምን ይፈልጋሉ ሲሏቸው ወደ እኔ አመልክተው «ጓለይ እያ» አሉ። ልጄ ናት ማለታቸው ነው። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ እስኪመሽ ድረስ ፈተሉ። ማግስቱንም መጡ። አንዲት አሮጊት በመካከል ተቀምጣ እየፈተለች ካርታ መጫወት እንዴት እንደሚከብድ እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። እኔ ላለመክፈል የቆረጥኩት በዚያ ቀን ነው።

4. ስለከሰስኩዎት ይቅርታ፤ በዚህ ቁጥር ሥር ግን የእኔን ድርሻ ብቻ ነው መጠየቅ የምችለው፣ ከሳሾቹ ብዙ ነበርንና።

ጠበቃችን ሰላማዊ እንደነገረችን፣ እያንዳንዳችን ብቻችንን ብንሄድ የአንድ በግና የአንድ ኩንታል ሽንኩርት ጭቅጭቅ ይሆን ነበር። ሆኖም ነገሩ የአንድ ቀን ጠብ ሳይሆን ሰዎች ተደራጅተው፣ የሌለ የመንግሥት ተመን አለ ብለው እያታለሉና እያስፈራሩ በቋሚነት የሚሰበስቡት ገቢ ስለሆነ፣ ሁላችንም በአንድ መዝገብ ማኅበሩንም አባላቱንም በፍትሐ ብሔር ልንከስ እንችላለን አለች። ወንጀሉን ዐቃቤ ሕግ ያስብበት፣ እኛ የተወሰደብንን እንጠይቅ አለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ያሰርነው አንበሳ አልነበረም እንጂ ድራችንስ ጥሩ ነበር።

ለዚህ ክስ የሰጣችሁትን የመጀመሪያ መቃወሚያ እስክሞት አልረሳውም። የጠቀስነው ሕግ የፌዴራል መሆኑን፣ ማኅበራችሁ ግን በሰፈሩ ልማድ የተቋቋመ መሆኑን ገልጻችሁ፣ የፌዴራል ሕግ እናንተን እንደማይመለከት አመለከታችሁ። የአገሪቱ ሕግ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ተራራውን ሁሉ ወጥቶ ወርዶ፣ አላማጣን አልፎ፣ ሮማናትን ዞሮ፣ ከወንበራችሁ አጠገብ ያለው የመብራት ምሰሶ ሥር ሲደርስ ፊሽካ ተነፍቶበት እንደሚቆም ከዚያ በፊት አላውቅም ነበርና ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። ዳኛዋ መቃወሚያውን ውድቅ አድርገው፣ ሕጉ ያለ ማውረጃ ክፍያ እንዲገባ ፈቀዱ።

5. እነሆ ወደ መስታወቱ ደረስን። እዚህ ላይ ይቅርታ የምጠይቀው ስለ ሃፍታይ ጠባይ ነው።

በክሳችን ላይ እውነቱን እንደሆነው አስፍረን ነበር፤ ዕቃውን ያወረዱት ሃፍታይና ዛሂድ ናቸው፣ መስታወቱን የሰበረው ሃፍታይ ነው ብለናል። ሰላማዊ ግን ብልህ ልጅ ናትና በአማራጭ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨመረች፤ ተከሳሾች ያወረድነው እኛ ነን የሚሉ ከሆነ፣ ሲያወርዱ የሰበሩትን ይክፈሉ የምትል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእርስዎ ይመስለኛል። የተከሰሱት ያልሠሩበትን በመቀበል ነውና እርስዎ መሥራታችሁን ለማስረዳት ተነሥተው ዕቃው ሁሉ በአባላትዎ ትከሻ እንደወረደ ተናገሩ። ዳኛዋ ረጋ ብለው መስታወቱንም ጭምር እንደሆነ ጠየቁዎት። እርስዎም ደረትዎን ነፍተው «ንሕና ኢና ኣውሪድናዮ፤ ከመርፌው እስከ መስታወቱ እኛ ነን ያወረድነው» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ሃፍታይ ሳይፈቀድለት የተነሣው። በዚያ መስታወት የተነሣ ስንት ወር ሙሉ ከእኔ የሰማውን እሱ ያውቃል፤ ያን ሁሉ ተሸክሞ ሳለ ሌላ ሰው መጥቶ ሰባሪው እኔ ነኝ ሲል እንዴት ይቻለው? የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ሚስቴ ትጠየቅ ብሎ ተከራከረ። ዳኛዋ እንዲቀመጥ አዘዙት። በአገራችን የፍርድ ቤት ታሪክ ጥፋቴን ቀሙኝ ብሎ አቤት ያለ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥለው ዳኛዋ መስታወቱን የተሸከመው የትኛው አባል እንደሆነ ጠየቁ። እኛ ያላወቅነው፣ እርስዎ ግን ለአፍታ የዘነጉት ነገር ቢኖር የማኅበራችሁ ደንብ ነው፤ የተሰበረ ዕቃ ዋጋ ከተሸከመው አባል ኪስ ይከፈላል ይላል። እርስዎ ወደ አባልዎ ወደ ዓወት ጠቆሙ። ዓወት ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ፤ «ኣነ? እኔ ከገባሁ ጀምሮ ዕንቁላል እንኳ ተሸክሜ አላውቅም፣ ሰፈሩ ይጠየቅ» አለ። ሰፈሩ ሳይጠየቅ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ቀጣዩ ተዞረ፤ እሱ ሐኪም ከሸክም ከከለከለው ብዙ ዘመኑ እንደሆነ ተናገረ። ሦስተኛው ማኅበሩ ውስጥ የገባው ሸክም እንደሌለበት ተነግሮት መሆኑን አስረዳ። አራተኛው የሦስተኛው ወንድም ነው፤ የወንድሜ ቃል ቃሌ ነው አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ መስታወቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተገፋ በመጨረሻ እርስዎ ዘንድ ደረሰ፤ እርስዎም እኔ ሊቀመንበር ነኝ፣ ሊቀመንበር አይሸከምም ብለው አጠቃለሉት።

ችሎት ውስጥ መሳቅ ክልክል በመሆኑ የሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ እየተነሣ ኮሪደር ላይ ስቆ ይመለስ ነበር። ኣደይ ኣስካል ሁለቴ ወጡ። ዛሂድ ወጥቶ ቀረ። ሰላማዊ ብቻ ሳትስቅ ቆማ፣ የታመነ ነገር ማስረጃ አያሻውም፣ ተከሳሾች አንድም ዕቃ ተሸክመው እንደማያውቁ በየአንደበታቸው አምነዋልና ይመዝገብልኝ አለች። ስለዚህ ኣያ ገብረሃንስ፣ የአንድ መስታወት ዋጋ ላለመክፈል የመላ ሰፈሩን ክስ ስላስረዳችሁልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ምስክሮች ቆጥረን ነበር፤ ሳንጠራቸው ቀሩ።

ውሳኔው የተነበበው ፍርድ ቤቱ ለክረምት ዕረፍት ሊዘጋ ሲል ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ በዚያ ጠዋት ለአሸንዳ የቀሩትን ቀናት በጣቴ እቆጥር ነበር፤ ጉዳዩ ከዕረፍት መልስ ከተባለ አሸንዳ ያልፋል፣ ቀሚሶቹም ደንበኞቼም ይቀራሉ። ዳኛዋ ግን ከሁላችን የተሰበሰበው እንዲመለስ፣ ማኅበሩ ላልሠራው ሥራ ከማንም እንዳይጠይቅ፣ ኦቨርሎኩም ከመጀመሪያው መውረድ ይገባው ወደነበረበት ማለትም እስከ ሱቄ ውስጥ ድረስ በተከሳሾች ወጪና ጉልበት ተጓጉዞ እንዲደርስ ወሰኑ። ስለ መስታወቱ ማንም እንዳይጠየቅ አዘዙ። ሃፍታይ እፎይ አለ፤ ጥፋቱ ተመለሰለት።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ሰፈሩ የሚስቅብዎ ስለ ችሎቱ ይመስልዎ ከሆነ ተሳስተዋል። ችሎቱን ያየው ጥቂት ሰው ነው። ማሽኑ የመጣ ዕለት ግን ሁሉም ደጁ ላይ ነበር፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ኣቦይ ሔሩይ ወንበር አስወጥተዋል፣ ሁሉም የ«ብርቱ ክንድ»ን ክንድ በዓይኑ ለማየት ጓጉቷል። ከመጋዘኑ እስከ ሱቄ ያለው መንገድ አንድ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ነው። በመጀመሪያ እርስዎ ብቅ አሉ፣ ከኋላ ስምንቱ አባላት ባዶ እጃቸውን ተከተሉ፣ ከእነሱ ኋላ ማሽኔን ተሸክመው እያለከለኩ የመጡት ከመናኸሪያ ቀጥራችሁ ያመጣችኋቸው ሁለት የቀን ሠራተኞች ናቸው። የጫኝና አውራጅ ማኅበር ጫኝና አውራጅ ቀጠረ። ሠራተኞቹ ማሽኑን ጥግ ላይ በጥንቃቄ አስቀምጠው፣ ላባቸውን ጠርገው ሒሳባቸውን ሲጠይቁ፣ እርስዎ እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ «ለዚህች አጭር መንገድ ይህን ያህል?» አሉ።

ሳቁ የጀመረው ከዚያ ነው እንጂ ከእኔ አይደለም፤ ይህ በይቅርታዬ ላይ እንዲታሰብልኝ እለምናለሁ።

እናንተ ስትሄዱ ሃፍታይ ማሽኑን ዘይት ቀብቶ ሶኬት ላይ ሰካው። የመጀመሪያዋን ቀሚስ ጠርዝ ከሥሩ ሳስገባ ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ እኔም በዚያ ድምፅ መካከል ማንም እንደማይሰማኝ አውቄ አለቀስኩ፣ ሳቅኩም። ቀሚሶቹ ይደርሳሉ። የሴት ልጅዎም ቀሚስ ከመካከላቸው ነው፤ ባለቤትዎ በጓሮ በር መጥተው አስለክተዋታል፣ ልጅቱ መልከ መልካም ናትና በደንብ ሰፍቼላታለሁ። ቀሚሷን ሲወስዱ የማውረጃ አልጠይቅም።

ከዚህ በላይ ያጠፋሁት ነገር ቢኖር በዚያው በሽማግሌው በኩል እንዲያስታውቁኝ እየጠየቅሁ፣ ለወገብዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለትከሻዎ ሰላም፣ ለፊሽካዎ ዕረፍት እመኛለሁ። በላቀ አክብሮትና በተገታ ሳቅ፣

ሀፊሳ
የልብስ ስፌት ባለሱቅ፣ የባቲ ልጅ፣ የኣደይ ኣስካል ልጅ
መስታወቷን በገዛ ባሏ ያሰበረች

ማሳሰቢያ፦ ሁለቱ የቀን ሠራተኞች ነገ ኑ እየተባሉ እስከዛሬ ድካማቸው አልተከፈላቸውም። ትናንት የጠበቃሽን ስልክ ስጪን ብለውኝ ወደ ሰላማዊ ልኬያቸዋለሁ። ታሪኩን ሰምታ፣ ይህኛው ክስ ከፊተኛው በጣም እንደሚቀል ነገረችን፤ በዚህኛው ውስጥ የተሸከመ ሰው አለ።